የወይዘሮ ሄስተርና የገደል አፋፉ ቤት

ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ እኅታችን ወይዘሮ ሄስተር ጋርተን ከአባታቸው ከካፒቴን ጆሳያ ማርፍሊትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሎቪኒያ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ዛሬም «አዲሱ ቤት» እያልን በምንጠራው በባለ ቀይ ጡቡ ቤት ተወለዱ። አባታችን ያን ቤት ሲያስገነቡ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ፣ «ካፒቴን፣ ይሄ መሬት እኮ ጭቃ ነው፤ ባሕሩ ይበላዋል» ቢሏቸው፣ «ሟርትህን ወደዚያ ውሰድ! ባሕሩ እዚህ ሳይደርስ የልጅ ልጆቼ ያረጃሉ» ብለው እንደ ሳቁባቸው በከተማችን ይነገራል። ያን ጊዜ በቤቱና በገደሉ መካከል የድንች እርሻ፣ የሠረገላ መንገድና ቤተ ክርስቲያን ነበሩ።

ወይዘሮ ሄስተር እዚሁ ተምረው፣ እዚሁም ሕፃናትን ፊደል ሲያስቆጥሩ ቆይተው፣ አናጢውን አቶ ዊልፍሬድ ጋርተንን አግብተው በዚያው በአባታችን ቤት አንዲት ልጅ፣ ኤሌነርን፣ ወለዱ። በእነዚያ ዓመታት ባሕሩ በየብርዱ ወራት ገደሉን እየገመሰ መጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ከነመቃብሩ ወሰደው፤ የአባታችንም አፅም አብሮ ሄደ።

አንድ የማዕበል ማለዳ አቶ ዊልፍሬድ ዶሮዎቻቸውን ከጓሮ ሊያወጡ ሲሮጡ፣ ባለቤታቸው በወጥ ቤቱ መስኮት እያዩአቸው፣ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ከድቷቸው ባሕሩ ውስጥ ገቡ። አስከሬናቸው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ ከቤቱ ይውጡ የሚለው ልመናችን ሁሉ ከንቱ ሆነ። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ቤቱን እንዲለቁ ሊያዝዟቸው ቢመጡ ሻይ ጋብዘው ሸኟቸው፤ እኔም በሳሎኑ ግድግዳ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አይቼ ብቆጣ፣ «አምብሮስ፣ ዊልፍሬድ የቀረው እዚሁ ነው፤ እኔን ወዴት ሂጂ ትለኛለህ?» አሉኝ። ስንጥቁንም በአበባማ ወረቀት ሸፈኑት።

በመጨረሻም የሳንባ ሕመም ጸንቶባቸው፣ ኤሌነር ልጆቿን ይዛ መጥታ ስታስታምማቸው ሰንብታ፣ ባለፈው ማክሰኞ በእቅፏ ዐረፉ። ከማረፋቸው በፊት ግን ከቤቱ እንዳትወጣ አስማሏት፤ እርሷም ማለች። ዛሬ ጧት ሬሳውን ስናወጣ የፊት ለፊቱ በር መቃኑ ተጣሞ አልዘጋ አለን፤ በባሕሩ በኩል ባለው ክፍል ደግሞ የሕፃናቱ አልጋ ተነጥፎ አየሁ።

እኅታችን ልጃቸውን ኤሌነርን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ታቢታንና ባርናባስን፣ እኔንም ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ከቀብር ተመልሰው እዚያ ቤት ለሚያድሩትም ይዘንላቸው። አንቺ ግን ኤሌነር፣ ልጄ፣ የማልሽው አንቺ ነሽ፤ እነርሱ አልማሉም። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እለምንሻለሁ፤ ልጆቹን ለእኔ ስጪኝ። አሜን።