በጋቢ የተጠቀለለው ሊጥ

ክረምት ነበር፤ ጉሙ የቆሰበርን ከተማ ስለዋጣት ከመናኸሪያው በር ወዲያ ያለው መንገድ እንኳ አይታይም። ወደ ዳንግላ በሚሄድ ሚኒባስ ከፊት፣ ጠና ካሉ ሴት አጠገብ ተቀመጥሁ። ሴትዮዋ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር የሞተሩ ሽፋን ላይ አስቀምጠው ታቅፈዋል። ሕፃን መሰለኝና “እግዜር ያሳድግልዎ” ልል አፌን ስከፍት ጥቅሉ ተነፈሰ። ረጅም፣ የሰው የመሰለ ትንፋሽ ነበር። ከዚያ በጋቢው ሥር የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ሴትዮዋ መታ መታ አደረጉትና፣ “ተው፣ ገና ነን” አሉት።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ በዛርና በቆሌ ከሚያምን ሰው ጋር መከራከር ልማዴ ነው። ያን ዕለት ግን ምን ልዋሽ፣ ወደ በሩ ጥግ ሸሸሁ።

ከኋላችን የተቀመጠች ወጣት ድንጋጤዬን አይታ፣ “ሊጥ ነው ጋሼ፣ አይፍሩ” አለችኝ። ሜላት ትባላለች፤ ንግድ ተምራ የተመረቀች የሴትዮዋ የእህት ልጅ ናት። ሴትዮዋ ወይዘሮ እታለማሁ ይባላሉ። ቆሰበር ላይ ያልተጋገረ ፒዛ ይሸጣሉ። ሊጡ ተዳምጦ፣ ቲማቲሙና አይቡ ተነስንሶበት ይሰጣል፤ ገዢው ቤቱ ወስዶ በኤሌክትሪክ ምጣዱ ላይ ከድኖ ያበስለዋል። ሥራው ሰምሮላቸው ዳንግላ ሁለተኛ ሱቅ ከፍተዋል፤ አዘና ከተማም ሦስተኛ ሊከፍቱ አስበዋል። ነገር ግን የዳንግላው ሱቅ ሊዘጋ ነው።

ምክንያቱን ወይዘሮ እታለማሁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ሊጥ የባዕድ ዓይን ሲያርፍበት ይሞታል ሲባል ስላደጉ፣ ሁልጊዜ ቆሰበር ላይ በር ዘግተው ብቻቸውን ያቦካሉ። ለዳንግላ የሚሆነውን ደግሞ አፍነው ጠቅልለው፣ ሁልጊዜ እንደ ዛሬው ሞተሩ ላይ አስቀምጠው ራሳቸው ያደርሳሉ። እዚያ ምሥራቅ የምትባል ሴት ቀጥረዋል። እሷ ፊት ጋቢው ሲገለጥ፣ ኩፍ ብሎ የነበረው ሊጥ ተንፍሶ እጥፍ ይላል። ደጋግመው አይተውታል። ዛሬ የሚሄዱት ሊያሰናብቷት ነው።

“ቡዳ ናት ለማለት አፌ ይከብደኛል፤ ግን ሌላ ምን ልበል?” አሉኝ።

ወሬው ከተሰማ ወዲህ ምሥራቅ በመንገድ ስታልፍ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ እንደሚሸፍኑ ሜላት ነገረችኝ። አሠሪዋ በዚህ ሰበብ ካባረሯት ያ ስም እስከ መቃብር ይከተላታል። ይህን ስሰማ ፍርሃቴ ለቆኝ ተናደድሁ።

“እትዬ፣” አልኋቸው፣ “ቆሰበር ላይስ ለምን አይወድቅም?”

“እዚያ ማን ያየዋል?”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ አክስቴ፣” አለች ሜላት፣ “እርስዎ ብቻ የሚነኩት ሊጥ እርስዎ ከሚደርሱበት አያልፍም። ነገ አዘና ሲከፈት ማን ይሸከመዋል? ሙያውን ለሠራተኞች ያስተምሩ። በየሱቁ በር ተከፍቶ ይቦካ፤ ገዢውም የሚያቦካለትን እጅ ንጽሕና ይመልከት።”

“የእናቴን እርሾ ለመንገደኛ ሁሉ ላሳይ? ቆሌው ይርቀዋል፣ ልጄ።”

ክርክሩ ሳይቋጭ በመንገዳችን ላይ ያለችው አዲስ ቅዳም ከተማ ደረስንና ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ቆመ። ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ጥቅሉ እንደገና ተነፈሰ፤ ሾፌሩ ሳይቀር አማተበ። ያኔ ሜላት፣ “ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ምሥራቅ እዚህ የለችም። እኛ ሁላችን ፊታችንን እናዞራለን፤ እርስዎ ብቻ ይክፈቱት” አለቻቸው።

እንቢ ብለው ብዙ ቆዩ፤ በመጨረሻ እሺ አሉ። ሁላችንም ፊታችንን አዞርን። የጋቢው መፈታት ይሰማኛል። ቀጥሎ እፍ የሚል ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ምንም የለም። ዞር ብዬ ለማየት ድፍረት አጣሁ።

“እንግዲያው ቡዳዋ እኔ ነኝ?” አሉ ወይዘሮ እታለማሁ።

ያን ድምፅ እስካሁን አልረሳውም። ስዞር ሊጡ በጋቢው ውስጥ በነበረው ሳፋ ወለል ላይ ተኝቷል። ሳፋውን ከሥር ብነካው ይፋጃል። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን አስረዳኋቸው፤ ሙቀት ሲያገኝ ይጣደፋል፣ አየሩን ያበዛል፣ አየሩ ሲያፈተልክም ትንፋሽ ይመስላል፣ ሲያልፍበት ጉልበቱ አልቆ ገና ሲነኩት ይወድቃል። ቆሰበር ብርድ ስለሆነ ጋቢው አይጎዳውም። ሞተር ላይ ግን ከዓይን ያድነው ያሉት ጋቢ ራሱ ገደለው። ወይዘሮ እታለማሁ ባዶ የሚመስለውን ሳፋ ከሞተሩ ላይ አንስተው እስከ ዳንግላ ድረስ ታቅፈውት ሄዱ።

እኔም የምሥራቅ ነገር አላስችል ብሎኝ አብሬያቸው ሱቅ ገባሁ። ምሥራቅ ድምፃቸውን ስትሰማ ወደ ግድግዳው ዞራ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጣለች። “አስቀምጡት፤ እኔ አላይም” አለች።

ወይዘሮ እታለማሁ የሱቁን በር ወለል አድርገው ከፈቱ። ለመጠባበቂያ በቦርሳቸው የያዙትን ቁራጭ እርሾ አውጥተው ሰጧትና እጇን እየመሩ አስቦኳት። ዓይኗን ጨፍና ነበር የምታቦካው። ሊጡን በቀዝቃዛው ጥግ፣ በስስ ጨርቅ ብቻ ሸፍነው አስቀመጡት። ጎረቤቱ በጉሙ ውስጥ ደጃፉ ላይ ተሰብስቦ ያያል። ከሰዓት በኋላ ጨርቁን ራሳቸው አንስተው፣ “ዓይንሽን ግለጪ፣ ልጄ። እይው” አሏት።

አየችው። ሊጡ ኩፍ እንዳለ ቆመ። ወይዘሮ እታለማሁ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጉልበቷን ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

ዛሬ አዘናም ሱቅ አለ። ሊጥ ተሸክሞ የሚጓዝ የለም፤ በየሱቁ እዚያው በክፍት በር ይቦካል፣ ገዢውም ንጽሕናውን አይቶ ይወስዳል። ወይዘሮዋ ቢያማቸው እንኳ ሥራ አይቆምም። ስንት እናቶች ሙያ ይዘው እንጀራ በልተዋል። ዕውቀት ሲካፈል እንደማያልቅ፣ ሐሜት ግን ሲካፈል ሰው እንደሚፈጅ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

አዲሶቹን ሠራተኞች የምታሠለጥነው ምሥራቅ ናት። ባለፈው አዘና አገኘኋትና ያን ጊዜ ለምን ዝም እንዳለች፣ ለምን እንዳልተከራከረች ጠየቅኋት።

“እኔም አምኜው ነበር፣” አለችኝ። “ልጄን ሳጠባ ፊቱን አላየውም ነበር።”