መናኸሪያ ጀርባ ያለው ቤት

(ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ መጨረሻ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ ባዶ የኪራይ ቤት ውስጥ አየነው ከሚስቱ ከስንዱ ታላቅ እኅት ከአስካለ ጋር ቆሞ ይከራከራል።)

አስካለ፦ አገር ምድሩ የሚከራይ ቤት ሞልቶት፣ ሰው ልጅ ይዞ መናኸሪያ ጀርባ ይገባል? አንተ ሰው ጤና ነህ?

አየነው፦ ቤቱ ጥሩ ነው እኮ እትዬ። እስቲ ይግቡና ይዩት። ጣሪያው አያፈስም።

አስካለ፦ ጣሪያው ምን ያደርግልኛል! ያንን ጥሩምባ አትሰማም? "ባሕር ዳር! ባሕር ዳር! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ረዳቱ ሲጮህ ልጆቹ በምን ጆሯቸው ያጠናሉ? በምን ዓይናቸው ይተኛሉ?

አየነው፦ ይለምዱታል።

አስካለ፦ ስድቡንም ይለምዱታላ! አሁን ስመጣ ረዳቱ ሾፌሩን የሰደበውን ሰምቼ እኔ ትልቋ ሴትዮ አፈርኩ። ያብስራ ደግሞ የሰማውን ሳይጥል ይዞ የሚገባ ልጅ ነው።

አየነው፦ አከራይዋ ደግ ሴት ናቸው። ውኃም ግቢ ውስጥ አለ።

አስካለ፦ ውኃ አለ ብሎ ቤት የሚከራይ የውኃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ዛሬ ገና አየሁ። ባይኖርስ አንተው ትቀጥለው የለም?

አየነው፦ እሱስ እቀጥለዋለሁ።

አስካለ፦ እንግዲያው ምክንያት አትፈልግብኝ። እኔ ቤት ፊት ለፊት ሁለት ክፍል አግኝቼልህ፣ ትምህርት ቤቱ ከአጥሩ ማዶ የሚታይ! ደወሉ ሲደወል እንኳ ከቤት ቢወጡ የሚደርሱበት። ምሳቸውን ጠርቼ የማበላበት። አንተ ግን በዚህ ጭቃ፣ አስፋልት አሻግረህ ልትልካቸው!

አየነው፦ እኔው አደርሳቸዋለሁ።

አስካለ፦ ቧንቧ ፈነዳ ተብለህ በጠዋት ስትጠራስ? ከተማው ይጠማ ልትል ነው? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይላሉ፤ አንተ የቅርብ ዘመድ እያለህ ትሸሻለህ።

አየነው፦ እትዬ፣ የእርስዎ ሰፈር አይሆንም።

አስካለ፦ ምን ሆነ የኔ ሰፈር?

አየነው፦ ሰዉ ያውቃል። ድንኳኑ የተተከለው እርስዎ ደጅ ነው። ልጆቼን ይዤ የገባሁ ዕለት "የስንዱ ልጆች! የሙት ልጆች!" እያለ ጎረቤቱ ሁሉ አቅፎ ሊያለቅስባቸው ነው። እነሱ እስከዛሬ እናታቸው አዲስ አበባ ሆስፒታል እንደተኛች ነው የሚያውቁት።

አስካለ፦ ቀስ በል! ይሰሙሃል። አሁንም በር ላይ ናቸው?

አየነው፦ አዎ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል።

አስካለ፦ በዚህ ካፊያ? ምን ያደርጋሉ?

አየነው፦ አውቶቡስ ያያሉ።

አስካለ፦ መቼስ ልጅ መኪና ይወዳል። ስገባ ሳያቸው "አክስቴ!" ብለው እንኳ አልተነሱልኝም። እኔ ደግሞ ለነሱ ብዬ እዚያ ሻይ ቤት ጓዳ ገብቼ ልብሴን ለውጬ። ጥቁሬ ይኸው ፌስታል ውስጥ ነው። በዚህ በአበባ ቀሚስ ስወጣ የሻይ ቤቷ ልጅ "እማማ፣ ሠርግ አለ እንዴ?" አለችኝ።

አየነው፦ ምን አሏት?

አስካለ፦ አዎ አልኳታ። ምን ልበላት? ውሸት ለምጄ የለም እንዴ። ረድኤት ጸጉርሽን ምነው ተላጨሽ ብትለኝ ቅማል ገባብኝ አልኳት። ከዚያ ወዲህ አጠገቤ ተኝታ አታውቅም። ለእኅቴ ብዬ የተላጨሁት ጸጉር በቅማል አሳማኝ።

አየነው፦ እኔንም ነግራኛለች። "አክስቴ ስትመጣ ትራሴን ደብቅልኝ" አለችኝ።

አስካለ፦ ሳቅ! ሳቅብኝ!

አየነው፦ እርስዎ ነዎት እኮ ለልጆች አይነገር ያሉት።

አስካለ፦ እኔ ብቻ? ዘመድ ሁሉ ተቀምጦ የመከረው ነው። አርባዋ እስኪወጣ ብለን ነበር። አርባዋ ወጣ፤ ፈተና ይጨርሱ ተባለ። ፈተናውን ጨረሱ፤ አባታቸው ወደ ማርቆስ ተዛውሯል፣ ቤት ይለውጡና ተባለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኛው እያደር ደፈረሰ።

አየነው፦ እኔስ ምን ላድርግ? ያብስራ ስልኬን ያነሳና ሳይደውል ያወራታል። "ሄሎ እማዬ፣ አንድ ጥርሴ ወልቋል" ይላታል። ስልኳ ተበላሽቷል ስላልኩት የምትመልስለትን ራሱ ነው የሚመልሰው።

አስካለ፦ ውይ አንጀቴን!

አየነው፦ ለረድኤት ጫማ ገዛሁላት፤ እናትሽ ላከችልሽ አልኳት። ለካችው፣ ልክ ሆነ። ደስ ይላታል ስል ፊቷ ጠቆረ። ምነው ብላት "እማዬ የምታውቀው የድሮውን እግሬን ነው። ማደጌን ማን ነገራት?" አለችኝ።

አስካለ፦ ምን መለስክላት?

አየነው፦ እኔ ነገርኳት አልኩ። "እንግዲያው ስልኳ ተሠርቷል ማለት ነው" ብላ ስልኬን ለመነችኝ። ባትሪው አልቋል ብዬ ወጣሁ።

አስካለ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። በል፣ አሁን እውነቱን ንገረኝ። የኔ ሰፈር ያውቃል አልክ፣ እሺ። የማያውቅህ ሰፈር ሌላም ሞልቷል። ትምህርት ቤት አጠገብ፣ ጸጥ ያለ። መናኸሪያ ጀርባ ለምን?

አየነው፦ እትዬ ይተዉኝ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።

አስካለ፦ ይውጣ! ስንዱን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩ ሴት ነኝ፤ ዘንዶ አያስፈራኝም። ለምን?

አየነው፦ ቤቱን የመረጠችው ረድኤት ናት።

አስካለ፦ ረድኤት? በል እንግዲህ! ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል አልሰማህም? ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ቤት ትመርጣለች?

አየነው፦ ሦስት ቤት አሳየኋቸው። አንደኛው ግቢ የኮክ ዛፍ አለው፤ ያብስራ ወጣበትና አልወርድም ብሎ አለቀሰ። ትምህርት ቤቱም ቅርብ ነው። እርስዎ ያገኙትንም በመንገድ ማዶ ቆሜ አሳየኋት። እሷ ግን ግድግዳም አታይ፣ ግቢም አታይ። በር ላይ ትቆምና አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች።

አስካለ፦ ምን እያለች?

አየነው፦ "ከዚህ አውቶቡስ ሲገባ ይታያል?"

አስካለ፦ አውቶቡስ? ለምኗ?

አየነው፦ እኔም እንደርስዎ መኪና ወዳ ነው ብዬ ነበር። ኋላ እዚህ ስንደርስ በሩ ላይ ቆመችና "ይኼ ይሁን አባዬ" አለችኝ። ለምን ብላት፣ "እማዬ ድና ስትመጣ ደምበጫ ሄዳ ቤታችንን ተዘግቶ ብታገኘውስ? የአዲስ አበባው አውቶቡስ መጀመሪያ እዚህ ይቆማል። ያብስራ ዓይኑ ጎበዝ ነው፣ ስትወርድ ያያታል። እኔ ደግሞ ሮጬ እይዛታለሁ" አለችኝ።

አስካለ፦ ውይ! ውይ ስንዱዬ! ውይ እኅቴን!

አየነው፦ ቀስ ይበሉ እትዬ፣ በማርያም!

አስካለ፦ አሁን በር ላይ የተቀመጡት ለዚህ ነው?

አየነው፦ ለዚህ ነው። ተራ ገብተዋል። እሷ ውኃ ልትጠጣ ስትገባ እሱን "ዓይንህን እንዳትነቅል" ትለዋለች።

አስካለ፦ እኔ ደግሞ ልጅ መኪና ይወዳል እላለሁ! ምነው መሬት በዋጠችኝ! አንተስ እሺ ብለህ ቁልፍ ትቀበላለህ?

አየነው፦ ምን ልበላት? አትመጣም ልበላት?

አስካለ፦ አዎ! አትመጣም በላት! ሂድና ቁልፉን መልስ። ዛሬ ይነገራቸዋል።

አየነው፦ ትምህርት ሊከፈት ነው እትዬ። አዲስ ትምህርት ቤት፣ አዲስ ልጆች፣ አንድ ጓደኛ እንኳ የላቸውም። በዚህ ላይ ይኼን? ትንሽ ይልመዱ።

አስካለ፦ ደግሞ ትንሽ! ይቺ ትንሽ አታልቅም?

አየነው፦ አይችሉትም።

አስካለ፦ ማን ነው የማይችለው? እነሱ ናቸው አንተ?

አየነው፦ ተዉ እንግዲህ።

አስካለ፦ አልተውም። አባት ነህ፤ ይኼ ቤት አይሆንም ብትላት ትንሽ ታለቅስና ትተወዋለች። ስንት ነገር እምቢ ብለሃት ያውቃል። ይኼን ለምን እሺ አልክ?

አየነው፦ ደስ ብሎኝ ነዋ!

አስካለ፦ ምን?

አየነው፦ ደስ ብሎኝ ነው እትዬ። እሷ ስትለው እውነት መሰለኝ። ትናንት የአዲስ አበባው ሲገባ እኔም ከነሱ ጋር ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰው ይወርዳል፤ ያብስራ "ይቺ አይደለችም፣ ይቺ አይደለችም" ይላል። በመጨረሻ አንዲት ቀጠን ያለች፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ደረጃውን በጎን እየወረደች። ስንዱ በጎን አልነበር የምትወርደው?

አስካለ፦ በጎን ነበር። ጉልበቷን እያመማት።

አየነው፦ ተነሥቼ ቆምኩ። በዚህ እጄ ዓይኗን የከደንኩ ሰውዬ! አፈር ያለበስኳት ሰውዬ! ሴትዮዋ ዞር እስክትል ቆሜ ጠበቅኳት። ስትዞር ሌላ ሰው ናት። ልጆቹ ምንም አልመሰላቸውም፤ "ነገ ትመጣለች" ብለው ገቡ። እኔ ነኝ መግባት ያቃተኝ።

አስካለ፦ አየነው፣ አንተ ለቅሶ መቼ ተቀመጥክ?

አየነው፦ ቀብሯ ላይ ነበርኩ እኮ። ያዩኝ የለም?

አስካለ፦ አይቼሃለሁ። ሰው ስታስተናግድ፣ ወንበር ስታስተካክል ነው ያየሁህ። በሠልስቷ ብስኩት ገዝተህ "እናታችሁ ላከችላችሁ" ልትል ደምበጫ ገባህ። ፍራሽ ላይ አልተቀመጥክም። ለቅሶ ሊደርስህ የመጣውን ሰው ልጆቹ እንዳይሰሙ እያልክ ከደጅ ትመልሰው ነበር። እኔ እንኳ ደረቴን ደቅቼ ወጥቶልኛል፤ አንተ ጠብ ያለች እንባህን አላየሁም።

አየነው፦ የት ላልቅስ? ቤት እነሱ አሉ፤ ሥራ ቦታ ሰው አለ። አንድ ቀን ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ቧንቧ ስቀጥል ጀምሮኝ ነበር፤ ከላይ "ቁልፍ ላቀብልህ?" አሉኝ።

አስካለ፦ የኔ ምስኪን! ለኔ መርዶውን የላክልኝ አንተ፣ ለወንድሞቿ የነገርክ አንተ። ላንተስ ማን ነገረህ?

አየነው፦ ለኔ ማን ይነግረኛል? እጄ ላይ ነው የሞተች።

አስካለ፦ ያንን ፌስታል አቀብለኝ።

አየነው፦ ምን ሊያደርጉ?

አስካለ፦ ጥቁሬን ልለብስ። ይኼን አበባ ከላዬ ላውልቀው፤ አቃጠለኝ።

አየነው፦ እትዬ፣ ልጆቹ ሊገቡ ይችላሉ እኮ!

አስካለ፦ ይግቡ። ይዩኝ። ነጠላዬንም ስጠኝ። አንተ እዚያ ካመጣኸው ሳጥን ላይ ተቀመጥ። ተቀመጥ አልኩህ! ቆሞ አይሰማም።

አየነው፦ መርዶ ማለዳ ነው የሚነገረው፤ አሁን እኮ...

አስካለ፦ ማለዳውን ካሳለፍነው ቆየን። ለልጆቹ አብረን እንነግራቸዋለን፤ እኔ ረድኤትን እይዛለሁ፣ አንተ ያብስራን። መጀመሪያ ግን ላንተ ነው።

አየነው፦ እትዬ፣ እባክዎ። የአዲስ አበባው አሁን ይገባል፤ እሱ ይለፍ።

አስካለ፦ አየነው ወንድሜ፣ ስንዱ ሞታለች። በዚህም አውቶቡስ አትመጣም፣ በሚቀጥለውም አትመጣም። እግዜር ያጥናህ። በል አልቅስ፤ ስታበቃ ልጆቹን ከበር ላይ ጥራልኝ።