የሽማግሌዎቹ መቀመጫ

ሐሙስ ረፋድ ላይ አቶ ገብረ አማኑኤል በርኖሳቸውን ደርበው ወደ አባይነህ ቤት ሲያቀኑ፣ ዘመሮ ከተማ የምታስተምረዋን የእኅታቸውን ልጅ ፀደንያን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አገኟት።

“አጎቴ፣ እንደምን አደሩ? በዚህ ብርድ ወዴት ነው?”

“ለሽምግልና ነዋ! አባይነህ የድንበር ድንጋዬን ነቅሎ የገብስ መሬቴን ገፋኝ ብላ ወለተጊዮርጊስ ዘንድሮም ከሰሰች። ዓምና ለሱ ፈርደን ነበር።”

“የት ተቀምጣችሁ?”

“እንደ ዓምናው እሱ ቤት ነው። ምድጃው ይሞቃል፣ በግም አርዷል።”

“እንግዲያ ፍርዱም ከበጉ ጋር በስሏላ!”

አቶ ገብረ አማኑኤል ተቆጡ። ሠላሳ ዓመት ሲያስታርቁ ከማንም ሳንቲም ያልነኩ ሰው ናቸው፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቃቸው ይናገራሉ።

“እኔ በልቼም እውነቱን እፈርዳለሁ!”

“እርስዎስ ይፍረዱ። እሷ ግን የባላጋራዋን ውሻ አልፋ ገብታ፣ ዳኞቿ የሱን ሥጋ ሲበሉ እያየች እውነቷን ትናገራለች? በኦሪቱ ዘመን ሽማግሌዎች የሚቀመጡት በከተማው በር ነበር፤ መበለቲቱም መጻተኛውም ሳይፈሩ እንዲቀርቡ። ነቢዩ አሞጽም ፍርድን በበሩ አደባባይ አጽኑ ያለው በከንቱ አይደለም። ፍርድ ጥፋተኛን መቅጣት ብቻ አይደለም፤ የተገፋው ቀና ብሎ እንዲናገር ማድረግም ነው።”

“ለድሃ ማዳላትንም ያው ኦሪት ይከለክላል!” አሉ፣ የረቷት መስሏቸው።

“ይከለክላል። እኔም አድሉላት አላልኩም፤ ሁለቱንም እኩል ይብረዳቸው ነው ያልኩት።”

አቶ ገብረ አማኑኤል የዓምናውን ፍርድ አስታወሱ። ዓምና ሴትዮዋ “እናንተ እንዳላችሁ” ብላ አንገቷን ደፍታ ስትወጣ፣ ጨዋ ናት ብለው አመስግነዋት ነበር። ፍርሃቷን ጨዋነት ማለታቸው አሁን አሳፈራቸው። ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ሸንጎው ደጀ ሰላም እንዲሆን ለሽማግሌዎቹ ደወሉ።

ሽማግሌዎቹ እያጉረመረሙ መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከጓሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ከሳሽና ተከሳሽ ሳይለይ ገረፋቸው። ወለተጊዮርጊስ ስትጠየቅ ቀና አለች።

“ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ድንበሩን ሲተክል ከድንጋዩ ሥር ለምልክት ከሰል ቀብሯል። የድሮው ቦታ ይቆፈር።”

ሄደው ቆፈሩ። ከሰሉ ተገኘ፤ አባይነህም መሬት መሬት አየ።

“ምነው ልጄ፣ ይህን ዓምና ያልነገርሽን?” አሉ አቶ ገብረ አማኑኤል።

“ዓምናማ አጥንት ትግጡ ነበር።”

ሽማግሌው ይቅርታ ጠየቋት፤ ድንጋዩንም ራሳቸው ተሸክመው ወደ ቦታው መለሱት።

ከዚያ ወዲህ የዚያ መንደር ሽምግልና ደጀ ሰላም ነው። በብርዱ ምክንያት ክርክሩ አጥሯል፤ ሰው ሁሉ ስለሚሰማ ዋሾ ያፍራል፤ አቅመ ደካማም ይናገራል። አቶ ገብረ አማኑኤልም ስለ ንጹሕነታቸው ማውራት ትተዋል።