ሳላየው የቆየሁት ቆጠራ

አባቶች ካህናት፣ እማማ ይታይሽ፣ ከወረታም ከአንበሳሜም ለአርባው የመጣችሁ ወገኖች፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

በሰውመሆን ቀብር ዕለት «አያልነህ፣ የልጅነት ጓደኛው ነህና ተናገር» ብላችሁኝ ነበር። እንቢ አልኩ። ሐዘን የጎዳኝ መሰላችሁ። አይደለም፤ ቅናት ነው። በሞተ ሰው ይቀናል ወይ? እኔ ቀናሁ።

የርብ ወንዝ ሞልቶ ትምህርት ሲዘጋ እኔና ሰውመሆን ከእነሱ ቤት በረንዳ ሥር ቆፍረን ገበጣ እንጫወት ነበር። አሥራ ሁለት ጉድጓድ፣ አርባ ስምንት ጠጠር። ሁልጊዜ የማሸንፈው እኔ ነኝ። ከመካከላችሁ ቆማችሁ ያያችሁ አላችሁ። እሱ ግን ተሸንፎም አይነሳም። «አያልነህ፣ እነዚህ ጠጠሮች በስንት ዓይነት ሊቀመጡ ይችላሉ?» ይለኛል። «ተሸነፍክ፣ ተነስ!» እለዋለሁ።

ያችን ጥያቄ ይዞ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የኮምፒውተር ሊቅ ሆነ። ገበጣ ሊያመጣ የሚችለውን የጠጠር አቀማመጥ ሁሉ በማሽን ሲያስቆጥር ዓመታት ኖረ። እኔስ? እዚሁ ወረታ የሒሳብ መምህር ሆንኩ። «ያ የገበጣው ሊቅ ጓደኛህ» ሲሉኝ አንጀቴ ያርር ነበር። ማን ነበር የሚያሸንፈው? እኔ አልነበርኩም?

አምና ለተማሪዎቻችን ሥራውን ሊያስረዳ መጣ። እጄን አወጣሁ። «ከተጫወቱ በኋላ፣ ግማሹ ጠጠር ተበልቶ እንኳ፣ ሁሉም ጉድጓድ ሁለት ሁለት ጠጠር ሊይዝ አይችልም። ተራው የሚያልቀው የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ስታርፍ ነው፤ እዚያ አንድ ብቻ ትገኛለች። አንተ ግን ይህንንም ቆጥረኸዋል» አልኩት። በተማሪ ፊት ላዋርደው ነበር። እውነቱ ይኸው ነው።

እሱ ከመድረኩ ዘሎ ወርዶ አቀፈኝ። «ምቀኛ አታሳጣኝ የሚባለው ለዚህ ነው!» ብሎ ሳቀ። አዳራሹ አብሮት ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሰው ሲሳሳት እንኳ እንዲህ ደስ ይለዋል? በስህተቱም ቀናሁበት።

አርሞ ሲጨርስ ወረቀቱን ላከልኝ። «አንተ ሳታየው አላሳትመውም» አለ። ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። በየሳምንቱ ይደውላል። «አየኸው?» «እያየሁት ነው።» ታመመ። አልጋ ላይ ሆኖም ደወለ። «አየኸው?» «እያየሁት ነው።» አራት ወር ሙሉ ገልጬም አላየሁት! እማማ ይታይሽ፣ ልጅዎ የሞተው መልሴን እየጠበቀ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ከቀብር ስመለስ አወጣሁት። አርባ ቀን ስህተት ፈለግሁበት። አዎ፣ ሞቶም አልተውኩትም። አንዲት ባገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ!

ሰውመሆን፣ ወንድሜ፣ ዛሬም እቀናብሃለሁ። ከእንግዲህ ግን አልዋሽህም። ሥራህን ነገ ለአሳታሚዎቹ እልከዋለሁ፤ በስምህ፣ በስምህ ብቻ። ደህና ሁን። አፈሩን ገለባ ያድርግልህ።

አየሁት። ልክ ነው። እንግዲህ ዕረፍ።