ቡቺን ያተረፈው ፊልም

በእኛ ጊዜ ለውሻ የሚያለቅስ ሰው ቢታይ «ጠበል ውሰዱት!» ነበር የሚባለው። ዘንድሮ ግን እዚሁ ሰበታ፣ በዓይኔ በብረቱ አየሁ ልጆቼ!

ቡቺን ታውቁታላችሁ አይደል፣ ውሻዬን? ሌሊት ሌሊት ይጮሃል ብለው ተከራዮቹ ሁሉ አደሙበትና አከራያችን ኦቦ ገመዳ «እትዬ አስናቀች፣ ሰው እንቅልፍ አጣ፤ ነገ ሹፌሩ ግርማ ለጭነት ሲሄድ በአይሱዙው ወስዶ ተፍኪ ይጥለዋል» ብለው ቆረጡ። ለመንኩ፣ አልቅሼ ለመንኩ፣ እምቢ! ታዲያ ቀኑ እሁድ ነው፣ እና ኦቦ ገመዳ ሳሎን በአማርኛ የተተረጎመ ፊልም አለ ተባለና ግቢው በሙሉ ተሰበሰበ፤ እኔም አንጀቴ እያረረ ገባሁ።

ፊልሙ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የውሻ! ጌታው በመርከብ ሄዶ ይቀርበታል፣ እና ውሻው ዝናብ አይል ፀሐይ አይል ወደቡ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል፣ ይጠብቀዋል። ታዲያ ፋብሪካ የምትሠራው የወላይታዋ ልጅ አስቴር «ጌታ ሆይ! ሰው እንኳ እንዲህ አይታመንም!» ብላ ተንሰቀሰቀች። ሹፌሩ ግርማ «ኧረ ተይ፣ ውሻ ምን ያውቃል፣ ሥጋ እያሳዩት ነው!» ይላታል፣ ድምፁ ግን ይንቀጠቀጣል። ኦቦ ገመዳማ ጋቢያቸውን ዓይናቸው ላይ ጭነው «ጉንፋን ነው፣ ጉንፋን!» ይላሉ።

እኔ ምን አደረግሁ? ብድግ ብዬ ቴሌቪዥኑ ፊት ተገተርኩ።

«እማማ፣ ጋረዱን እኮ!»

«እጋርዳለሁ! ለፈረንጅ ውሻ ታለቅሳላችሁ፣ የእኔን ተፍኪ ልትጥሉ! አንተ ግርማ፣ የመኪናህን ጎማ ሊፈታ የመጣውን ሌባ አጥር ያዘለለው ማነው? ይሄ ቴሌቪዥን ነው?»

ግርማ አንገቱን ደፋ። ኦቦ ገመዳ ተናፈጡና «ዱጋ! እውነቷን ነው» አሉ። «ግርማ፣ ነገ ከተፍኪ ስትመለስ ቆርቆሮ ይዘህ ና፣ ለቡቺ ቤት እንሥራለት።»

«እኔ እኮ መጀመሪያም አላመንኩበትም ነበር...» ሲል ግርማ፣ አስቴር «ዝም በል፣ ውሸታም!» አለችው። እኔማ እልልታውን አቀለጥኩት!

— ጩኸቱንስ እማማ፣ ተወ?

ምን ይተዋል፣ ብሶበት! ኦቦ ገመዳ ራሳቸው በመስኮት «በርታ፣ ጎበዝ!» ይሉታል። ትናንት ደግሞ ቡቺ ዝም ብሎ ቢያድር «እማማ፣ ቡቺን አሞት ይሆን? እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ በሬን ያንኳኳው ማን መሰላችሁ? ግርማ! ቂ ቂ ቂ!