የታደሰ ሽማግሌ

እሁድ ከሰዓት በውጭ አገር በምንኖርበት በጻይልስሃይም፣ ቤታችን ውስጥ ከባለቤቴ ጋር አንድ የድሮ የአሜሪካ ፊልም እናያለን። ሁለት የነዳጅ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ለአንዲት ሴት ይደባደባሉ። እኔም በወጣትነቴ ኦጋዴን ውስጥ ነዳጅ ፍለጋ ቆፍሬያለሁ፤ ጥማቱን ማስታወስ አልወድም።

"እነዚህስ ተደባደቡ" አለች ባለቤቴ። "ያ የሥራ ጓደኛህ ታደሰ ግን አገባሻለሁ ብሎኝ ሽማግሌ እንኳ ሳይልክ ቀረ። ወንድ መስሎኝ!"

ይህን ስትል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ግን ደከመኝ።

"ልኮ ነበር" አልኳት።

"ማንን?"

"እኔን። ከኦጋዴን ፈቃድ ወጥቼ ወደ እናንተ ከተማ ስመጣ፣ 'ዘመድ የለኝም፤ አባቷን አንተ ጠይቅልኝ' አለኝ። እኔ ለራሴ ጠየቅኩ።"

ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየች። ከዚያ ቴሌቪዥኑን አጠፋችና፣ "አርባ ዓመት ሙሉ ያለ ጥፋቱ ስረግመው ዝም ብለህ ትሰማኝ ነበር?" አለችኝ።