የእህቶቿ አስተርጓሚ

ከቦንጋ ወደ ዋጫ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንዲት ወጣትና አንዲት ትልቅ ሴት ተቀምጠዋል። ወጣቷ በማላውቀው ቋንቋ ስልክ አውርታ ዘጋች።

«ልጄ፣ ምን ቋንቋ ነው?»

«ስፓኒሽ ነው፣ እትዬ። ፈረንሳይኛም እችላለሁ።»

«ትምህርት ቤት ያስተምራሉ እንዴ?»

«የለም፣ ብቻዬን በስልክ ነው የተማርኩት። ዘጠነኛ ክፍል ከሰላምታ ጀመርኩ፤ አሁን አስራ ሁለተኛን ስጨርስ መጽሐፍ አነባለሁ።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«እናታችን ስትሞት ሁለቱ ታናናሾቼ በማደጎ ተሰጡ። አንዷ ስፔን፣ አንዷ ፈረንሳይ አደጉ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው አፈላልገው ያገኙን።»

«አማርኛ ረሱ?»

«አማርኛም፣ የካፋ ቋንቋችንን ካፊኖኖም። በእንግሊዝኛ ሞከርን፤ ከሰላምታ አላለፍንም።»

«እርስ በርሳቸውስ?»

«እኔ ነኝ መሀል ሆኜ የማስተረጉምላቸው።»

ሴትየዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምን ይላሉ?»

«ባለፈው ትንሿ፣ ‹እኛን ሰጥተው አንቺን ለምን አስቀሩሽ?› አለችኝ።»

«ምን መለስሽላት?»

«ጥያቄውን ለሌላዋ ተረጎምኩላት።»

«እሷስ?»

«‹እኔም ይህንኑ ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር› አለች።»

የምወርድበት ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ሳልል ግን አለፍኩት።